ጋሼ ፓሪስ ላይ ምን በሉ? ዘና ስላለው የፈረንሳይ ምግብ ቤትና እስያ እስያ ስለሚለው ሳህን

ጋሼ ከፓሪስ ከተመለሱ ሶስት ሳምንት ሆናቸው። ሴት ልጃቸው እዛ ነው ምትኖረው፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደቻቸው። ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የሰፈሩ ግማሽ እኔን ጨምሮ እሳቸው ስር ነው የተማረው። ባለፈው እሁድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን አሳ ጥብስ እየበላን እያለ ስልካቸውን አወጡና ፎቶ ያሳዩኝ ጀመር፣ መጀመሪያ የሜኑ ፎቶ፣ ከዛ የሳህን ፎቶ በየተራ። "አንተ ኩሽና ነው ምትውለው፣ እስቲ እኔ ምን እንደበላሁ አስረዳኝ። ልጄ ስሙን ተረጎመችልኝ እንጂ ምግቡን አልተረጎመችልኝም" አሉኝ።

ጥያቄው በጣም ነው ደስ ያለኝ። እዚህ ባህር ዳር ሆቴል ኩሽና ከመግባቴ በፊት ሊዮን ከተማ ሁለት አመት ልክ እንደዛ አይነት ቤት ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ሰሀን ከማጠብ ጀምሬ አሳ እስከማጽዳት። ብዙ ሰው ይሄን ነገር "ትልቅ ሳህን ላይ ትንሽ ምግብ" ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ውስጡ ብዙ ሙያ አለ፣ እኛ ደሞ ለመረዳት ሩቅ አይደለንም፣ ጠጅ ሳሩም ዝንጅብሉም እርሾውም ቤታችን ያለ ነገር ነው። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ እናት አባቶች አሁን አሁን እየሄዱ ስለሆነ ለጋሼ ያልኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው ማስቀምጠው።

ከቤቱ እንጀምር። ፈረንሳይ ውስጥ በድሮው አካሄድ ሁለት ጫፍ ነበር በሉት። ባንድ በኩል ትልቁ ሬስቶራንት፣ ነጭ ጨርቅ፣ ባለ ከረባት አስተናጋጅ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። በሌላ በኩል ቢስትሮ ሚባለው የሰፈር ቤት፣ ወንበሩ የተጠጋጋ፣ ምግቡ ቤት ውስጥ እናት ምትሰራው አይነት። በ1992 ኢቭ ካምደቦርድ የሚባል ሼፍ፣ ክሪዮን የሚባለው የፓሪስ ትልቅ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ያደገ ሰው፣ ከዛ ወጣና 14ኛው የፓሪስ ወረዳ ጫፍ ላይ ላ ሬጋላድ የሚባል ትንሽ ቢስትሮ ከፈተ። ሃሳቡ ቀላል ነው፣ የትልቁን ቤት ሙያ በትንሹ ቤት ዋጋ ማቅረብ። ጨርቁን አንሳ፣ ብር ማንኪያውን አንሳ፣ ኪራይ ርካሽ የሆነ ሰፈር ግባ፣ ሜኑውን አሳጥረው፣ ግን ድስቱ ላይ አትቀልድ። ነገሩ ተስፋፋና በ2004 ሴባስትያን ደሞራን የሚባል የምግብ ጋዜጠኛ "ቢስትሮኖሚ" የሚል ስም አወጣለት፣ ቢስትሮና ጋስትሮኖሚ (ትልቁ የምግብ ሙያ) ተጋጥመው ማለት ነው። ጋሼ የገቡበት ቤት ያ ነው። አስተናጋጁ ቲሸርት ለብሶ፣ ሜኑው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ። "እኔ ያስተማርኩበት ክፍል መሰለኝ" ብለውኛል።

ስለዚህ ዘና ያለው አዳራሹ ነው፣ ኩሽናው አይደለም። እኔ ሊዮን ስሰራ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲስቅ እየሰማሁ እኛ ጋ አንድ ሰው ቃል አይተነፍስም ነበር።

የጋሼ ሜኑ ግን የፈረንሳይ ብቻ አልነበረም፣ የእስያ ጣዕም ገብቶበታል። እስያው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ሰው ባንድ ሌሊት የመጣ ፋሽን ይመስለዋል፣ ግን መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ መንገድ ቅኝ ግዛት ነው። ፈረንሳይ ቬትናምን እስከ 1954 ይዛ ነበር፣ ቬትናሞች ከፈረንሳይ ዳቦና ቡና ወሰዱ፣ ባን ሚ ሚባለው ሳንዱች ዳቦው የፈረንሳይ ሆድቃው የቬትናም ነው። ከ1975 በኋላ ደሞ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ስደተኛ ከቬትናም ከካምቦዲያ ከላኦስ ወደ ፓሪስ ገባ፣ 13ኛው ወረዳ ሰፈረ፣ ጠጅ ሳሩ ኮኮናቱ የአሳ ሶሱ በየሱቁ ተገኘ። ሌላው መንገድ ጃፓን ናት። ሺዙኦ ትሱጂ በ1960 ኦሳካ ላይ የከፈተው የሼፎች ትምህርት ቤት የፈረንሳይን ትልልቅ ሼፎች ይጋብዝ ነበር፣ ፖል ቦኩዝም ሄዷል፣ አስተማሩ ግን ደሞ አይተው ተመለሱ፣ ትንሽ አድርጎ በጥንቃቄ ሳህን ላይ ማስቀመጥን፣ አሳን ብዙ አለማብሰልን። በ1973 ጎና ሚዮ ሚባሉት ሁለት የምግብ ጸሐፊዎች "አዲሱ ምግብ አሰራር" ብለው ህጉን ሲዘረዝሩ ሶስ ይቅለል ማብሰያ ሰዓት ይጠር ነበር ያሉት። ዣን ዦርዥ ቮንገሪችተን የሚባለው ሼፍ ደሞ ባንኮክ ሆቴል ውስጥ ሰርቶ የታይ ቅመም ተምሮ ወጣና በ1992 ኒውዮርክ ላይ ቮንግ የሚባል የፈረንሳይና የታይ ቤት ከፈተ። የጃፓን ልጆችም ፈረንሳይ ሄደው በረድፍ ተማሩ፣ በ2020 ኬይ ኮባያሺ ፈረንሳይ ውስጥ ሶስት የሚሽላን ኮከብ (ሚሽላን የሚባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ ሚሰጠው ትልቁ ደረጃ) ያገኘ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሼፍ ሆነ።

ይሄን ስነግራቸው ጋሼ "ታድያ የፎገራ ሩዝስ" አሉ። ልክ ናቸው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው ፎገራ ላይ ሩዝ እንዲለመድ ያገዙት፣ ዛሬ እዚህ ባህር ዳር የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ስንቱ ቤት እንጀራ ይጋገራል፣ ማንም ግን "እስያ እስያ የሚል እንጀራ" ብሎ አይጠራውም። ምግብ እንደዛ ነው ሚገባው፣ ቀስ ብሎ።

አሁን ወደ ሜኑው። ሶስት ቃል ነው ማወቅ ያለባችሁ፣ አንትሬ፣ ፕላ፣ ዴሴር። አንትሬ መግቢያው ነው፣ ፕላ ዋናው፣ ዴሴር ጣፋጩ። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ እነሱ አንትሬ ሚሉት ዋናውን ምግብ ነው፣ ፈረንሳይ ላይ እንደዛ ብላችሁ ካዘዛችሁ ሆዳችሁ አይሞላም። ብዙ ጊዜ "ፎርሙል" ሚባል አለ፣ ባንድ ዋጋ ሁለት ወይ ሶስቱን መውሰድ፣ ከተናጠሉ ይረክሳል። ምግቡ ተራ በተራ ነው ሚመጣው፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው አይመጣም። በነገራችን ላይ ይሄም ጥንት የነሱ አልነበረም፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ፈረንሳዮችም እንደኛ ገበታ ሁሉንም ባንዴ ነበር ጠረጴዛ ላይ ሚደረድሩት፣ በተራ ማቅረቡን ከሩሲያ ነው የወሰዱት።

የጋሼ የመጀመሪያ ፎቶ አንድ ጉርሻ ምታክል ነገር ነች፣ ትንሽ ማንኪያ ላይ። "ይሄን አላዘዝኩም፣ ሳየው ደነገጥኩ፣ እራቱ ይሄ ነው ብዬ" አሉ። አሙዝ ቡሽ ትባላለች፣ አፍ ማጫወቻ በሉት፣ ከቤቱ ስጦታ ነች አትከፈልም። እኛ እንግዳ ሲገባ ቆሎ እንደምናቀርበው።

ሁለተኛው ፎቶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቡናማ ውሃ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ነው። ጋሼ ያልበሰለ መስሏቸው በልጃቸው ይሉኝታ ነው የበሉት፣ ከዛ ግን እስካሁን ሚያወሩት እሱን ነው። "ኧፍ ፓርፌ" ይባላል፣ ፍጹም እንቁላል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩን፣ ባህር ዳር ከባህር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው። እንቁላል ግን ለመርጋት መፍላት ራሱ አያስፈልገውም። ነጩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አንድ አይነት አይደለም፣ አንዱ ከ60 ትንሽ ሲያልፍ መርጋት ይጀምራል፣ ሌላው 80 ካልደረሰ አይረጋም፣ አስኳሉ ደሞ 65 ላይ ነው ወፈር ማለት ሚጀምረው። ስለዚህ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ 64 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ካስቀመጣችሁት ነጩ እንደ እርጎ አስኳሉ እንደ ማር ይሆናል። በስሏል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት ውጪው ጎማ ሆኖ ነው ውስጡ ሚደርሰው።

ቡናማው ውሃ ዳሺ ነው፣ የጃፓን መረቅ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

የፈረንሳይ ወጥ ቤት በሁለት ምሰሶ ነው የቆመው፣ ስብና ረጅም መረቅ። ቅቤ፣ ክሬም፣ ከዛ አጥንት ሙሉ ቀን ተቀቅሎ ተቀቅሎ ሙጫ እስኪሆን የወረደ መረቅ። ይጣፍጣል፣ ግን ይከብዳል፣ ስብ ምላስን ይሸፍናል፣ ከአምስተኛው ማንኪያ በኋላ ጣዕሙ አይሰማችሁም። ጃፓን ደሞ ያለ ስብ ያለ አጥንት ያንን ጥልቅ ጣዕም አግኝታዋለች፣ ኮምቡ ከሚባል የባህር አረም። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል የቶኪዮ ኬሚስት ከዛ አረም ውስጥ ጣዕሙን ለይቶ አወጣውና ኡማሚ አለው፣ ከጨው ከጣፋጭ ከኮምጣጣ ከመራራ ሌላ አምስተኛ ጣዕም። እኛም ስሙን ባንጠራውም እናውቀዋለን፣ ቋንጣ ወጥ ውስጥ ሲገባ መረቁ "ስጋ ስጋ" ሚለው ነገር በሉት፣ ቀይ ሽንኩርት ረጅም ሰዓት ሲቁላላ ሚያመጣው ነገር። ኮምቡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ዳሺ ማውጣት ከአንድ ሰዓት በታች ነው ሚፈጀው፣ ጠብታ ስብ የለውም። የፈረንሳዩ ሼፍ ያንን ሲያገኝ እንቁላሉን ክሬም ውስጥ ማስቀመጥ አላስፈለገውም፣ ዳሺ ላይ አስቀመጠው።

ገባችሁ? እስያው ለጌጥ አይደለም የገባው፣ ስራ አለው። ስብ ይሰራው የነበረውን ስራ ተቀብሎ ቀለል አድርጎ ይሰራዋል፣ ወይ ስቡ ሲበዛ ሎሚነቱን አምጥቶ ይቆርጠዋል። ጥሩ ቤትና መጥፎ ቤት ምለየውም በዚህ ነው። አንድ ሳህን ላይ ሚሶም ሰሊጥም ዋሳቢም (አፍንጫ የሚሰነፍጠው የጃፓን ቅመም) ሶያ ሶስም ተከምሮ ካያችሁ ሼፉ ሰው ለማስደነቅ ነው እየሰራ ያለው፣ አንድ ነገር ብቻ ገብቶ ያ ነገር ቢወጣ ሳህኑ ሚፈርስ ከሆነ ግን ጥሩ እጅ ነው። የጋሼ ሜኑ ላይ በያንዳንዱ ምግብ አንድ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ጥሩ ቤት ነው የወሰደቻቸው።

ሚሶ ያልኩት የተፈጨ አኩሪ አተር ከጨውና ሻጋታ ከበቀለበት ሩዝ ጋር ወራት ተቀምጦ የቦካ ነው። ሻጋታ ስል ፊታችሁን አትጨማደዱ፣ ስልጆ ሚያውቅ ሰው ለሚሶ እንግዳ አይደለም፣ የኛው ከባቄላ ዱቄት ከሱፍና ከሰናፍጭ ነው ሚቦካው፣ ጥራጥሬ አቡክቶ ጣዕም ማውጣት ያው አንድ ሙያ ነው። ሶያ ሶስም እንደዛው፣ አኩሪ አተር ከስንዴና ከጨው ጋር ቦክቶ የወጣ ፈሳሽ ነው፣ ርካሹ ብቻ ነው በኬሚካል ሚሰራው።

ሶስተኛው ፎቶ ዋናው ነው። ነጭ የውቅያኖስ አሳ፣ ቢጫ ነጣ ያለ ሶስ ላይ። ሜኑው "በር ብላን" ይላል፣ ነጭ ቅቤ፣ ከዛ "ሲትሮኔል"። ጋሼ "ሶሱ ምን ይሁን ምን አላውቅም፣ ሽታውን ግን አውቀዋለሁ፣ ስሙን ማስታወስ አቃተኝ" አሉኝ። ሲትሮኔል ማለት ጠጅ ሳር ነው! ሻይ ውስጥ ምንከተው፣ ጓሯቸው አጥር ስር የበቀለው ያው ጠጅ ሳር። ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

በር ብላን የመጣው ከሎዋር ወንዝ ዳር ከናንት አካባቢ ነው። በጣም ትንሽ ትንሽ ተደርጎ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ወይን፣ አቼቶ፣ ድስት ላይ እስኪደርቅ ገደማ ይወርዳል። ከዛ እሳቱ ይቀነስና ቀዝቃዛ ቅቤ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ይመታል ይመታል። ቅቤው ቀልጦ ዘይት አይሆንም፣ ወፍሮ እንደ ክሬም ይቆማል። ለምን? የነሱ የገበታ ቅቤ 82 በመቶው ስብ ነው፣ እስከ 16 በመቶ ውሃ አለው፣ የቀረው የወተት ፕሮቲን ምናምን ነው። ስቡ በደቃቅ ጠብታ ተበታትኖ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ፕሮቲኑ ጠብታዎቹ እንዳይገናኙ ይይዛቸዋል። አፈላችሁት ማለት ግን አበቃ፣ ስቡ ይለያል፣ ዘይት ሆኖ ላይ ይንሳፈፋል።

እኔ ከሊዮን እንደመጣሁ ይሄን ሶስ በንጥር ቅቤ ልሰራ ሞክሬ ሶስት ቀን አልያዘልኝም ነበር፣ ኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። እኛ ቅቤ ስናነጥር ከኮሰረቱ ከኮረሪማው ከአብሹ ጋር አፍልተን ውሃውን እናተነዋለን፣ አተላውን እናጠልላለን። ለዛ ነው ንጥር ቅቤ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ሚቀመጠው፣ ግን ሶሱን ሚይዘው ውሃና ፕሮቲን አብሮ ወጥቷል፣ ንጹህ ስብ ነው የቀረው። ስለዚህ ንጥር ቅቤ ለወጥ ንጉስ ነው፣ ለበር ብላን ግን ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ነው ሚሆነው።

ጠጅ ሳሩ እዚህ ምን ይሰራል? ሶሱ በወይንና በአቼቶ ቀድሞውኑ ኮምጣጣ ነው፣ ሎሚ ቢጨመርበት ይበዛል። ጠጅ ሳር ሽታው ከሎሚ ልጣጭ ጋር አንድ ነው፣ ሲትራል ሚባል ዘይት ሁለቱም ውስጥ አለ፣ ጠጅ ሳር ውስጥ እንደውም በጣም ይበዛል፣ ግን ኮምጣጣነት የለውም። ሎሚውን ያለ ሎሚ ታገኛላችሁ። ሳሩ በቢላ ጀርባ ተቀጥቅጦ ወይኑ ሲወርድ አብሮ ይፈላል፣ ከዛ ይወጣል፣ አይበላም።

ልጃቸው ዳክዬ ነው ያዘዘችው፣ የዳክዬ ደረት፣ ማግሬ ይሉታል፣ ከላይ በሶያ ሶስና በማር ተቀብቶ የተጠበሰ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ቀላ ያለ። ጋሼ "ደሙ ይታያል፣ ልጄ ትታመማለች ብዬ ፈራሁ" አሉ። ደም አይደለም፣ ደሙ ሲታረድ ወጥቷል፣ ቀዩ ፈሳሽ ውሃና ማዮግሎቢን ሚባል የጡንቻ ቀለም ነው። ክትፎ ለብ ለብ ምንል ህዝብ ይሄን ለመረዳት አንቸገርም። ፈረንሳይ ላይ ሚጠየቀው የማብሰል ደረጃ አራት ነው፣ ብለ ማለት ጥሬ ሊባል ትንሽ የቀረው፣ ሴኛን ለብ ለብ፣ አ ፗን መካከለኛ፣ ብያን ኩዊ በደንብ የበሰለ። ሼፍ ብያን ኩዊ ሲባል ቅር ይለዋል እውነት ነው፣ ግን ምትበሉት እናንተ ናችሁ፣ ትልቅ ሰው ወይ ነፍሰ ጡር ከሆነ እንደውም ያለምንም ሃፍረት ብያን ኩዊ በሉ።

አሁን ለኛ ሰው ዋናው ጉዳይ፣ ጾምና የማይበላ ነገር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሳሳታል፣ እኔ ራሴ ሊዮን ላይ አንድ ረቡዕ የሆነውን መቼም አልረሳውም፣ አትክልት ብቻ ብዬ በልቼ ሶሱ ውስጥ ሩብ ኪሎ ቅቤ እንደገባ ኋላ ነው ያየሁት። "ቬጀቴርየን" ማለት የጾም ማለት አይደለም፣ ቅቤም እንቁላልም አይብም ሊገባበት ይችላል። ለጾማችን ሚቀርበው ቃል "ቬጋን" ነው፣ እንዲህ አይነት እስያ ያለበት ቤት ደሞ ከድሮው ቢስትሮ ይልቅ ለጾመኛ ይመቻል፣ በክሬም ፈንታ የኮኮናት ወተት፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሰራ አይብ መሰል ነገር)፣ ሚሶ ስላላቸው። ግን ወጥመድ አለው፣ ዳሺ ብዙ ጊዜ ከኮምቡ ሌላ ደርቆና ጭስ ገብቶት የተላገ አሳ ይገባበታል፣ የታይና የቬትናም የአሳ ሶስ ደሞ አንቾቪ ሚባል ትንሽ አሳ ከጨው ጋር ቦክቶ የወጣ ነው፣ ሰላጣ ላይ ጠብ ቢል አይታይም። በጾም አሳ ሚበላም ማይበላም አለ፣ ማይበላ ሰው ይጠይቅ።

የአሳማ ስጋም ሳይታሰብ ይገባል፣ ትንንሽ ተቆርጦ ሰላጣ ላይ ወይ ምስር ውስጥ፣ ጄላቲን (ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ማርጊያ) ሆኖ ጣፋጭ ውስጥ። "ሳን ፖር" ማለት ያለ አሳማ፣ "ሳን አልኮል" ማለት ያለ አልኮል። ሙስሊም ወንድም እህቶቻችንም አስቡበት፣ "ወይኑ ሲፈላ ይተናል" ሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም፣ አሜሪካኖቹ የግብርና መስሪያ ቤታቸው ባወጣው ሰንጠረዥ ሲንተከተክ 30 ደቂቃ የቆየ ምግብ ውስጥ 35 በመቶ አካባቢው አልኮል ይቀራል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ እንኳ 5 በመቶ። በር ብላን ደሞ ከወይን ነው ሚጀምረው። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ማትበሉም እንደዛው ቀድማችሁ ተናገሩ።

ደስ ሚለው፣ አውሮፓ ህብረት ውስጥ ምግብ ቤት 14 አለርጂ ሚያመጡ ነገሮችን ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ከነሱ ውስጥ ወተት፣ እንቁላል፣ አሳ፣ ሽሪምፕና መሰሎቹ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ አሉ። ዝርዝሩን ጠይቁ፣ ያመጡላችኋል፣ ግማሹን ጥያቄያችሁን ይመልሳል። አሳማና አልኮል ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፣ እነሱን በአፍ ነው ምትጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ቦታ ስትይዙ በስልክ ብትናገሩ ደሞ ኩሽናው ራሱ ያመሰግናችኋል፣ እራት ሰዓት ላይ ድንገት ከመስማት በጣም ይሻላል።

ጣፋጩን ባጭሩ፣ ክሬም ብሩሌ ነው፣ ክሬምና የእንቁላል አስኳል ተጋግሮ ላዩ ላይ ስኳር በእሳት የተቃጠለ፣ የጋሼ ዝንጅብል ነበረበት። በማንኪያ ጫፍ መስበር ነው። ቡና ከጣፋጩ በኋላ ለብቻው ነው ሚመጣው፣ አንዲት ትንሽ ሲኒ፣ አቦል ብቻ፣ ቶናና በረካ የለም።

ሰዓቱና ሂሳቡ ላይ ጋሼ ትንሽ ቅሬታ አላቸው። ምሳ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው፣ ከዛ ኩሽና ይዘጋል፣ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው ሚጀምረው፣ እንደ ባህር ዳር በፈለጋችሁት ሰዓት ገብታችሁ ጥብስ ማለት የለም። ትንንሽ ቤት ስለሆነ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ዳቦው በነጻ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ እንጂ ሳህን ላይ አይቀመጥም፣ ሶስ በዳቦ መጥረግም በዚህ አይነት ቤት ምንም ችግር የለውም፣ እኛ በእንጀራ ምናደርገውን ነው። ውሃ "ካራፍ ዶ" ካላችሁ የቧንቧ ውሃ በነጻ ይመጣል፣ "ውሃ" ብቻ ካላችሁ የታሸገ መጥቶ ሊከፈልበት ይችላል። የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ፣ ከ1987 ጀምሮ ሚታየው ዋጋ እሱን ያካተተ እንዲሆን ደንብ ወጥቷል፣ ቲፕ ደስ ካላችሁ ብቻ ነው።

ጋሼ ያልገባቸው ግን ሌላ ነው። "ከጨረስን በኋላ ረጅም ሰዓት ተቀመጥን፣ አንድ ሰው ሂሳብ አላመጣም፣ ረሱን እንዴ?" አልረሷቸውም። ሳይጠየቅ ሂሳብ ማምጣት እዛ "ውጡልኝ" ማለት ነው፣ ነውር ነው። ጠረጴዛው ሌሊቱን ሙሉ የናንተ ነው፣ እናንተ ናችሁ "ላዲስዮን" ምትሉት። ልጃቸው ይሄን ታውቃለች፣ አባቷ ዝም ብለው ስለተቀመጡ ደስ ብሏቸው መስሏት ነው ያልጠየቀችው፣ እሳቸው ደሞ እሷን እየጠበቁ።

ባለፈው ቅዳሜ እቤቴ ጠራኋቸው። ጠዋት ከታንኳ የወረደ ቆሮሶ ገዛሁ፣ አጥንቱን አወጣሁ፣ ቆዳውን ወደታች አድርጌ ጠበስኩት። ወይን አላስገባሁም፣ አቼቶና ትንሽ ውሃ ውስጥ ቀይ ሽንኩርት ዝንጅብልና ከራሳቸው ጓሮ የመጣ ጠጅ ሳር አፈላሁ፣ አጠለልኩ፣ ለጋ ቅቤ በትንሽ በትንሹ መታሁበት። ያዘ። የፎገራ ሩዝ ቀቀልኩ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃውም ጊዜውም ትንሽ ጨመር ማለት አለበት።

ጋሼ ሶሱን ቀመሱ፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዛ "ሚጥሚጣ የለም?" አሉኝ። አመጣሁላቸው። አሳው ላይም ሶሱ ላይም አልነሰነሱትም፣ ጠርዝ ላይ ያለችው ሩዝ ላይ ብቻ ትንሽ ጣል አደረጉ፣ ሶሱን ለብቻው በማንኪያ ጨረሱት፣ "ይሄኛው ስራውን እየሰራ ነው፣ አልነካውም" ብለው።